አረንጓዴው የኔ ነበር

ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ሠርተናል፤ እኔና ጋሽ ሰረዝ። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በገዛ ደብተሩ ላይ ቀን ሲጽፍ ዓመቱን ያስቀድምና ሰረዝ፣ ወሩን ያስከትልና ሰረዝ፣ ቀኑ መጨረሻ። ዓለም ሁሉ የተስማማበት አጻጻፍ ይሄ ነው ይላል። ካርድ ላይ ግን እንደ ደንቡ ቀን አስቀድሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጽፋል። እኔ ደግሞ በአረንጓዴ፣ ወር አስቀድሜ። የመጀመሪያ አለቃዬ እንዲህ አስተምሮኛል፣ በቃ። ካርድ ያወጣ ሰው ቀለሙን አይቶ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል፤ ተቸግረን አናውቅም።

«አንቺ ሴት፣ ኧረ ባክሽ ዓለም እንደሚጽፈው እንጻፍ!» ይለኛል።

«ዓለም መጥቶ ካርድ ያውጣልኛ!» እለዋለሁ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? ውጬዋለሁ።

እሱ ለበላይ አካል አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጻፈ። አንድ ቀን ትእዛዙ መጣ፤ ከእንግዲህ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ የድሮው ካርድም በዚሁ መልክ ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ። ጋሽ ሰረዝ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ፤ ኮሪደሩን እየዞረ የጽዳት ሠራተኞቹን ሳይቀር ጨበጠ። ካርዱን ኮምፒውተር ውስጥ ለሚያስገቡት ጸሐፊዎች መመሪያውን ራሱ አዘጋጀ፤ ሰማያዊ ከሆነ ቀን ይቀድማል፣ አረንጓዴ ከሆነ ወር። ሥራው ሲያልቅ አሮጌዎቹ ካርዶች እንዲወገዱ የፈረመውም እሱ ነው።

ጸሐፊዎቹ ያሉት ሌላ ሕንፃ ነው። ካርዱ በመንገድ እንዳይጠፋ ተብሎ ፎቶኮፒው ተላከላቸው። ፎቶኮፒ ደግሞ ሁሉም ጥቁር ነው! እነሱስ ምን ያድርጉ? ወሩ ከአሥራ ሦስት የሚበልጥ ካልሆነባቸው በቀር ሁሉንም «ቀን ይቀድማል» ብለው አስገቡት። ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅን።

የጋሽ ሰረዝ ሚስት የልብ ሕመምተኛ ናት። በሽተኞች ለቀዶ ጥገና የሚጠሩት በተመዘገቡበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። የዘመድን ካርድ ራስ መጻፍ ደግሞ ክልክል ስለሆነ የእሷን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ወር፣ በአሥራ አንደኛው ቀን። 03/11፣ በአረንጓዴ።

አዲሱ የወረፋ ዝርዝር የተለጠፈ ጠዋት ጋሽ ሰረዝ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አየ። በአሥራ አንደኛው ወር፣ በሦስት ተመዘገበች ይላል። ተራዋ የፊታችን ወር ነበር፤ አሁን ስምንት ወር ወደ ኋላ ሄደ። ሐኪሙ ከአራት ወር በላይ መቆየት የለባትም ብሏል።

የወረፋ ኃላፊዋ ቢሮ ዘው አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ! አረንጓዴው የኔ ነው!»

«ካርዱን አምጪያ» አለችኝ።

ካርዱ ከሌሎቹ ጋር ተወግዶ ከተፈጨ ሁለት ሳምንት አልፎታል።

«ያንቺ እጅ የጻፈው ስንት ሺህ ካርድ አለ? ለባልደረባሽ ሚስት በቃልሽ ብቻ ባስተካክል ሌላው በሽተኛ ምን ይለኛል?»

አፌን ልከፍትባት ስል ጋሽ ሰረዝ ክንዴን ያዘኝ። «ተያት፤ እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው።»

ሰው ለሚስቱ አንዴ እንኳ ቢጮህ ምናለበት! ደግሞ እኔን አንድ ቀን «ምነው ያኔ በሰማሽኝ» አላለኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔው ለበላይ አካል ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እስካሁን መልስ የለም።

ባለፈው እሑድ ሚስቱን ልጠይቅ ሄድኩ። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ የሆስፒታል ቦርሳዋ ተዘጋጅቷል፤ ነጠላ ጫማ፣ ፎጣ፣ ሳሙና።

«ተራዬ የፊታችን ወር በአሥራ ሁለት ነው ብሎኛል» አለችኝ። «መቼም ይሄ ሰው በቀን አይቀልድም። እውነት ነው አይደል እህቴ?»

ጋሽ ሰረዝ በሩ ላይ ቆሟል። መሬት መሬቱን ያያል።

«አዎ እትዬ» አልኳት። «በአሥራ ሁለት ነው።»

«አንቺም ካልሽማ አለቀ» አለችና ፎጣዋን አውጥታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።