የኮልጉ ደጅ ጥናት

ኮልጉ አርባ ዓመት ሙሉ የጌታው የዱንላንግ አዳራሽ ተራኪ ነበር። ታራ ኮረብታ ላይ የነገሡትን የጥንት ነገሥታት ከነአያት ቅድመ አያቶቻቸው አንድም ሳይስት ያወርዳቸዋል። የኢርጋል ታሪክ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይለወጣል። ኢርጋል፣ የተበደለ ድሃ ደጁ ላይ ቢጾምበት፣ ጉርሻውን ከአፉ መልሶ ባዶ እግሩን ወጥቶ የካሰው ንጉሥ ነው። ምን ያደርጋል! ሞኙ ኮልጉ ሌላውን ሲያስለቅስበት የኖረውን ተረት ለካ ራሱም አምኖት ኖሯል።

ዱንላንግ የኮልጉን አንድ ልጅ፣ ወተት ቤት የምታገለግለውን ሳርናትን፣ ለመርከበኞች በሁለት በርሜል ወይን ሸጣት። መርከቡ የሚነሳው በሦስተኛው ቀን፣ ባሕሩ ሲሞላ ነው። ሽማግሌው አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ሕጉን ያውቃላ! የዱንላንግ ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ጾመ። ጿሚ በሩ ላይ እያለ የበላ ጌታ ክብሩ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይታዘዘውም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በረኛዋ ጎብናት የአጃ ቂጣ ይዛለት መጣች።

«አያ ኮልጉ፣ በሞቴ ይቅመሱ! ከማን ጋር እልህ እንደተጋቡ ጠፋዎት እንዴ?»

«እሱ ሳይበላ እኔ ልብላ?»

«ማ? እሱ? ኧረ እሱስ ትናንት አንድ የአሳማ ጭን ብቻውን ነው የጨረሰው!»

«ሰው አላየውም?»

«አየነው እንጂ። ታዲያ ማን ይናገር? እኔም ሴት ልጅ አለችኝ።»

ቂጣውን እግሩ ሥር አስቀምጣለት ገባች። አልነካውም።

እኩለ ቀን ላይ ግብሩ ተጀመረ። ከግድግዳው ወዲያ የኦስራን ድምፅ ተሰማ፤ ኮልጉ ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማረው ተራኪ ነው። የኢርጋልን ታሪክ ያወርዳል። «ጉርሻውን ከአፉ መለሰ» ሲል አዳራሹ ጸጥ አለ። «ባዶ እግሩን ወጣ» ሲል አንድ ሰው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ኮልጉ ያንን ልቅሶ ያውቀዋል። ዱንላንግ ነው፤ እዚች ላይ ሲደረስ ሁልጊዜ ያለቅሳል።

ሽማግሌው ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። አሁን ይወጣል ብሎ ጸጉሩን በጣቶቹ አበጠረ፤ በሩን ትክ ብሎ አየ።

«እሰይ የኔ አንበሳ!» አለ ዱንላንግ ከውስጥ፣ ድምፁ ገና እንባ እንዳነቀው። «ለዚህ ልጅ ከአዲሱ ወይን ቅዱለት!»

ከወደቡ የመርከቡ ቀንደ መለከት ተነፋ።

«ወይኔ ልጄን!» አለ ኮልጉ፤ እዚያው በሩ ሥር ተቀመጠ። ኦስራን አንዲት ቃል አልሳተም ነበር። አሳምሮ ነው ያስተማረው።