ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት ቫልቮች

«ለመሆኑ ያቺ ልጅህ ምንድን ነው የምትሠራው?» አለ ጸጉር አስተካካዩ፣ የደንበኛውን ጆሮ በሁለት ጣቱ አጠፍ አድርጎ ከኋላዋ የተደበቀችውን ሽበት እየለቀመ።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ በወረቀት ፋብሪካው ማሞቂያ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ፣ ባልደረቦቹ «ጋሽ እንፋሎት» የሚሉት ሰው ነው፤ እንፋሎት ስለሚያፈልቀው ቦይለር ቢጠይቁት የተቆረጠው ጸጉሩ መልሶ እስኪያድግ ያወራል። ስለ ገዛ ልጁ ሥራ ሲጠየቅ ግን ምላሱ ይታሰራል።

«ኮምፒውተር ላይ ነው» አለ።

«እሱማ ሁሉም ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው። ምን ትሠራለች ነው ያልኩህ።»

«ቫልቭ ትሠራለች።»

«ብረታ ብረት ቤት ነው እንዴ?»

«የለም። የሌለ ቫልቭ ነው።»

መቀሱ ቆመ። ጸጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ አየው። «የሌለ ቫልቭ» አለ ቀስ ብሎ። «ሲበላሽስ፣ የሌለ ሰው ነው የሚጠግነው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ጋሽ እንፋሎት ከት ብሎ ይስቅ ነበር። ያን ዓርብ ግን ሐሳብ ይዞት ስለነበር ፈገግ ብቻ አለ። ጸጉሩን ሊቆረጥ የመጣውም ከሥራ ወንበሬ ብነሳ እንኳ ተከርክሜ ልነሳ ብሎ ነው።

ልጁ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ሕፃን ሳለች ጉንጯ ሙሉ ስለነበር «ድምቡሼ» የሚል ስም አወጣላት፤ አሁን እንደ ሸምበቆ ቀጥናም ስሙ አልለቀቃትም። የምትሠራው አንዲት ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። አምስት ሆነው ለፋብሪካዎች የመለማመጃ ስክሪን ያዘጋጃሉ። ሠራተኛው እውነተኛውን ማሽን ከመንካቱ በፊት በስክሪኑ ላይ ውሃ ይከፍታል፣ እሳት ይለኩሳል፤ ቢሳሳትም የሚቃጠል ሰው የለም። የእሷ ድርሻ በስክሪኑ ላይ የሚታዩትንና የሚነኩትን ዕቃዎች መሥራት ነው። ቫልቩን፣ ፓምፑን፣ ታንከሩን፣ የግፊት መለኪያውን አንዴ በደንብ ትሠራቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ በየስክሪኑና በየፋብሪካው ያንኑ እየደጋገሙ ይተክሉታል።

ይህን አንድ ቀን ምሳ ላይ አስረድታው ነበር።

«ገባኝ፣ ማኅተም ነው» አላት።

«ማኅተም አይደለም አባዬ። ማኅተሙን ብታስተካክለው ቀድሞ የታተመው ወረቀት አይስተካከልም። የእኔ ይስተካከላል። እናቲቱን አንድ ቦታ ስነካት ልጆቿ ሁሉ፣ የትም ይሁኑ የት፣ አብረዋት ይለወጣሉ።»

«እንዲህ ያለ ቤተሰብ ለእኔም በሰጠኝ» አለ ሚስቱን በጎን እያየ።

«እስቲ መጀመሪያ አንተ ተለወጥ» አለችው ሚስቱ። ጨዋታው በዚያው ቀረ፤ ነገሩም ሳይገባው ቀረ።

በኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላከ። በመለማመጃ ስክሪን ተፈትኖ ያላለፈ ሰው ከእንግዲህ ቦይለር ፊት አይቆምም ይላል። ማሞቂያ ክፍሉም፣ ግድግዳው ላይ ያለው የድሮ የመብራት ፓነልም እንዳለ ይቀጥላል፤ የሚፈተነው ሰዉ ነው። ስክሪኑን የሚሠራው የድምቡሼ ቢሮ መሆኑ ሲሰማ ጋሽ እንፋሎት ደረቱን ነፋ። «በልጄ እጅ ነው የምፈተነው» እያለ ላገኘው ሁሉ አወራ። ማክሰኞ ዕለት ሁለት ባልደረቦቹ ወደቁ። አንደኛው፣ ዝምተኛው የሚሉት፣ በማግስቱ መጋዘን ገብቶ የወረቀት ጥቅል መቁጠር ጀመረ።

ሐሙስ የእሱ የሙከራ ቀን ነበር። መነጽሩን አጠለቀና ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። በቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዓይኑን ወደ ውሃ መግቢያው ቫልቭ ጣል አደረገ፤ ቀይ ነው። ቀይ ከሆነማ ውሃ እየገባ ነው፣ ችግሩ ሌላ ጋ ነው ብሎ ፓምፑን መመርመር ያዘ። ውሃው ወረደ። እሳቱን ለመቀነስ እጁን ሲዘረጋ ስክሪኑ ጮኸና «ማሞቂያው ደርቋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። የሥልጠና ኃላፊው ትከሻውን ነካ አደረገው። «አይዞዎት ጋሼ፣ ይሄ ሙከራ ነው። ዋናው ሰኞ ነው።»

ለልጁ አልነገራትም። ምን ብሎ ይንገራት? የሠራሽው ነገር ጣለኝ ማለት ሊመስልበት ነው። ደግሞም በልቡ የፈረደው በራሱ ላይ ነበር፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ጭንቅላቴ ዝጓል አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጠባት ወንበር፣ ሚስቱ ትራሷን ሁለት ጊዜ የሰፋችለት፣ ሰኞ ከእጁ ልትወጣ ነው። ከዚያ ጡረታው እስኪደርስ አራት ዓመት ጥቅል ቆጠራ።

ቅዳሜ ጠዋት ድምቡሼ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች። አባቷ ፊቱን በአረፋ ሸፍኖ፣ ምላጩን ይዞ፣ ለፈተና እንደሚያጠና ተማሪ ያነበንባል።

«አረንጓዴ ክፍት፣ ቀይ ዝግ። አረንጓዴ ክፍት፣ ቀይ ዝግ።»

«ምንድን ነው አባዬ?»

«ምንም። ዘፈን ነው።»

«ዜማውስ የታለ?»

ምላጩን አስቀመጠ። «የአንቺን ቫልቭ ነው የማጠናው። ሐሙስ ወድቄያለሁ። ሰኞ ደግሞ ካልሆነልኝ መጋዘን ነኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊኛለሽ? ዕድሜ ነው። እጄ የለመደውን አልረሳ አለኝ።»

«እጅህ የለመደው ምንድን ነው?»

«ቀይ ክፍት፣ አረንጓዴ ዝግ ነዋ።»

ብሩሹን ከአፏ አወጣችው። «ፓነሉ ላይ እንደዚያ ነው?»

«አዎ። ቀይ ከበራ ነገሩ እየሄደ ነው፣ ይፈጃል፣ እጅህን ሰብስብ ማለት ነው። አረንጓዴ ከሆነ ቆሟል፣ ብትነካውም አይጎዳህም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተሳስቼ ከሆነማ ፋብሪካው እስካሁን ደመና ላይ ነበር።»

ወደ ክፍሏ ገብታ አንድ ፋይል ይዛ ወጣች። ከፋብሪካው የተላከላት የፓነሉ ፎቶ ነው፤ ኮፒ ተደርጎ የመጣ፣ ጥቁርና ነጭ። መብራቶቹ ሁሉ ግራጫ ክብ ናቸው። ያልታያትን ቀለም ከራሷ ሞልታው ነበር፤ መንገድ ላይ አረንጓዴ ማለት እለፍ አይደለ? ማንንም አልጠየቀችም። ከዚያው ፓነል ፊት ዕድሜውን የጨረሰ ሰው በየማታው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እራት ይበላል፤ እሱንም አልጠየቀችው።

«ልብስህን ልበስ» አለችው።

«ገና ግማሽ ፊቴን ነው የተላጨሁት።»

«እንግዲያው ቶሎ በል።»

አገጩን ቆርጦ፣ ቁስሉ ላይ ብጣሽ ወረቀት ለጥፎ ተከተላት።

ስለ ማሞቂያ ክፍሉ በየቀኑ እየሰማች ብታድግም ገብታበት አታውቅም ነበር። ሙቀቱ በሩ ላይ ተቀበላት። ተረኛው ሠራተኛ ከአባቷ ወንበር ብድግ ብሎ ትራሷን አራገፈና «እንግዳ ይዘህ መጣህ» አለ። እሷ ግን ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። ቀይ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። በስልኳ ፎቶ አነሳችው፤ ቀለሙ በደንብ እንዲታይ ቀረብ ብላ ደግማ አነሳችው።

አባቷ ክንዷን ይዞ ወደ አንድ ትልቅ ቫልቭ ወሰዳት። «እኔ ደግሞ ከመብራቱ በፊት የማየው ይህን ነው» አለ፣ ከመዘውሩ መሐል የወጣውን የብረት ዘንግ እያሳያት። «ሲከፈት ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲዘጋ ይሰጥማል። አምፖል ሊቃጠል ይችላል። ይሄ ምን ይሆናል?»

መዳፏን አሳረፈችበት። ሁለት ዓመት ሙሉ የሳለችውን ነገር ስትነካ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይሞቃል» አለች።

«ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር?»

ግቢው ውስጥ ሆና ለአለቃዋ ደወለች። አባቷ ጥቂት እርምጃ ርቆ የወደቀ ብሎን ያነሳ መስሎ ያዳምጣል። አለቃዋ ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ፣ በዝምታ አስተካክለን ሰኞ ጠዋት እናስገባው፣ ማን ያውቃል አላት።

«ሁለት ሰዎች ወድቀዋል እኮ» አለች። «አንዱ መጋዘን ገብቷል። በእኔ ቀለም ነው የወደቁት።»

በሌላ ምክንያት ወድቀው ሊሆን እንደሚችል ነገራት።

«ሊሆን ይችላል። ይሄ ግን አለ።»

ከተናገርሽ ጣጣው በራስሽ ነው ብሎ ስልኩን ዘጋው። እሷም ቆም ብላ ቁጥር ፈለገችና ለሥልጠና ኃላፊው ደወለች።

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይው» አለ አባቷ፣ ብሎኑን ኪሱ እየከተተ። «ሥራሽን እንዳታጪ።»

«ለአንተ ብዬ ቢሆንማ መልሱን በጆሮህ ነግሬህ ሄጄ እተኛ ነበር።»

ኃላፊው ስልኩን አንስቶ ነገሩን ሁሉ ሰማት። በመጨረሻ፣ ሰኞ ጠዋት ተስተካክሎ ከቀረበ ሁለቱም ሰዎች እንደገና ይፈተናሉ አላት።

ቤት ሲመለሱ እናትየው ሳህኖቹን አንስታ የምግብ ጠረጴዛውን ለቀቀችላቸው። ድምቡሼ ኮምፒውተሯን ከፈተችና የቫልቮቹን እናት አወጣች። የዚህን ፋብሪካ የቀለም ምርጫ ከፍታ ሁለት ቦታ ብቻ ነካች፤ ቀዩን በአረንጓዴው፣ አረንጓዴውን በቀዩ ተካች። ከዚያ ለፋብሪካው የተዘጋጁትን አርባ ስክሪኖች አንድ በአንድ ማሳየት ጀመረች። እጇ ያልነካቸው ቫልቮች ሁሉ ቀለማቸው ተገልብጧል።

«በቃ? ይኸው ነው?» አለ አባቷ።

«ይኸው ነው።»

«እውነትም ማኅተም አይደለም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ተከለ። «ይቺ ግን አልሰማችም።»

አንዲት ቫልቭ ተከፍታ እንደ ድሮዋ አረንጓዴ ናት። ድምቡሼ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሥራ በጀመረችበት ወር፣ እናቲቱን ገና ሳትሠራ፣ ለችኮላ በእጇ የሳለቻቸው ነበሩ። በኋላ እተካቸዋለሁ ብላ ረስታቸዋለች። የእናታቸው ምልክት ስለሌለባቸው ኮምፒውተሩ ለይቶ አያወጣቸውም፤ በዓይን መልቀም ብቻ ነው። ስንት እንደሆኑም አታውቅም።

«እሺ» አለ ጋሽ እንፋሎት፣ ወንበሩን አስጠግቶ። «እኔ ልጥራ፣ አንቺ ንቀይ።»

ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ በዚሁ አለቀ። «አርባ ሁለት፣ ልጅ ናት። አርባ ሦስት፣ ልጅ ናት። አርባ አራት፣ ይቺ እናቷን ክዳለች።»

«እንደ አንዷ ናታ» ትላለች እናትየው ከኩሽና። «ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ብርጭቆ እንኳ አላጠበችልኝም።»

አሥራ ዘጠኝ ሆነው ተገኙ፤ ሁሉም በእናቲቱ ልጆች ተተኩ። በጠቅላላው ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት ቫልቮች ናቸው፤ አባቷ ሁሉንም ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው። ድምቡሼ በእነዚህ ቀናት ጋደም ብትልም እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ዓይኗን ስትከድን መጋዘኑ ይመጣባታል።

እሑድ ሻይ ሲጠጡ አባቷ «ዘንግ ግን የለውም» አለ።

«የምን ዘንግ?»

«ትናንት የነካሽው። ይሄ መብራት ብቻ ነው። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይን ያለውስ ሰው ምን ያድርግ?»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ስንት ያህል ነው የሚወጣው?»

በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ለካላት። «ይህን ያህል። ቀስ ብሎ። ዘሎ አይወጣም፤ ሲዘል ካየሽ ሩጪ።»

ማስመሪያ አምጥታ ጣቶቹን ለካች። እናቲቱ ላይ አንዲት ቀጭን ዘንግ ሳለችላት። መሞከሪያውን ስትጫነው በየስክሪኑ ያሉት ዘንጎች ሁሉ አንድ ላይ፣ ቀስ ብለው፣ እንዳላት ወጡ።

«ይሄ ሌላ ፋብሪካም ይሄዳል?» አለ።

«ቫልቬ ያለበት ሁሉ ይደርሳል። ቀለሙ ለእናንተ ብቻ ነው፤ ዘንጉን ግን ለሁሉም ብዬ እናቲቱ ላይ ነው የሠራሁት።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «እስቲ ዝጊውና ድገሚው» አለ።

ሰኞ ጠዋት የተስተካከለውን ለኃላፊው አስረከበች፤ አባቷ ስለሚፈተን ግን ፈተናው ክፍል አላስገቧትም። ዋናው በር ላይ ከዘበኛው ጎን ተቀመጠች። ውስጥ ውሃው መውረድ ሲጀምር ጋሽ እንፋሎት ቀና አለ። የመግቢያው ቫልቭ አረንጓዴ ነው፤ ዘንጉም ሰጥሟል። ሳያስብ እጁ ሄደና ከፈተው። ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው ሥራ ነው።

ዝምተኛውም አለፈ፤ በሩ ላይ የድምቡሼን እጅ ጨብጦ ቶሎ አልለቀቃትም። ሌላኛው ቀለሙ ተስተካክሎለትም ወደቀ። «ተይኝ እባክሽ የኔ ልጅ» አላት። «መጋዘን ውስጥ የሚጮህብኝ ነገር የለም።» አለቃዋ አልደወለም። የሚላትን ነገ ቢሮ ስትገባ ትሰማለች።

በእግር ሲመለሱ ጸጉር አስተካካዩ በር ላይ ቆሞ ነበር። «እህሳ፣ የሌለ ቫልቭ ሠሪዋ ይቺ ናት?»

ጋሽ እንፋሎት ሊያስረዳው አፉን ከፈተ። ልጁ ክንዱ ላይ ተደግፋ ስትወዛወዝ ተሰማው። «ነገ መጥቼ እነግርሃለሁ» አለ። «ረጅም ነው። የሚቆረጥ ጸጉር ባይኖረኝም ወንበሩን ያዝልኝ።»

ቤት ገብታ ጫማዋን ልታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። አንዱን አወለቀች። የሌላውን ክር በጣቷ እንደያዘች ወደ ጎን ዘንበል ብላ ቀረች። እናትየው ብርድ ልብስ ልታመጣ ስትሄድ አባቷ ተንበርክኮ ክሩን ከጣቷ አላቀቀ፣ ፈታው፣ ጫማውን ቀስ ብሎ ሳበው። ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር።