ከመርዶ በፊት

የአጎቴን ሞት የነገረኝ ስልክ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ስልክ ቤት ወረፋ ጠብቆ ደወለና፣ መስመሩ እንዳይቋረጥበት ፈርቶ መሰለኝ፣ ሰላምታውንና ሞቱን በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ነበር። ምድጃው ላይ ሽንኩርት ጥጃለሁ። ስልኩን ዘጋሁ፣ ምድጃውን አጠፋሁ፣ ዩኒፎርሜን ለብሼ ሥራ ሄድኩ። ያን ጊዜ ሚኒሶታ ውስጥ ሴንት ፖል በምትባል ከተማ አቅመ ደካሞችን በቫን ከቤታቸው ወደ ሐኪም ቤት አመላልስ ነበርና በር ላይ ቆመው የሚጠብቁኝ ሰዎች ነበሩ።

አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ አጎቴ ነው። ትምህርት ቤት ያስገባኝ እሱ፣ ስባልግ የገረፈኝ እሱ፣ አገር ጥዬ ስወጣ እስከ መኪናው ድረስ ሻንጣዬን የተሸከመልኝም እሱ። እንዲያም ሆኖ ዕንባ አልመጣልኝም። ድሮም «እሷ ደረቅ ናት» ሲሉኝ ነው ያደግኩት፤ እኔም ስሙን ተቀብዬው ኖሬያለሁ።

የሁላችንም ጭንቀት የገዛ ልጁ ነበረች። የአጎቴ ልጅ ትባላለች እንጂ ከአንድ ማዕድ የበላን እህቴ ናት። ሴንት ሉዊስ ትኖራለች። ባሏ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ መንገደኛ በሚያመላልስ ትልቅ ጀልባ ላይ ወጥ ሠሪ ነው። አሠሪዎቹ በዓመት አንድ ጊዜ ሠራተኛው ቤተሰቡን ይዞ እንዲጓዝ ይፈቅዳሉ፤ በዚያ በጋ ተራው የእሱ ሆነና ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን አሳፍሮ ወንዙን ሽቅብ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። አባቷ ሲሞት እሷ ውሃ ላይ ናት። በስልክ ማግኘት አይቻልም። ቢቻልም ማንም አይሞክረውም ነበር፤ መርዶ በስልክ የሚነገረው እንደኔ ላለው ሰው ነው።

ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ የዕድር ሰዎች ተሰበሰቡ። አንደኛው ሽማግሌ መርዶ ጎህ ሳይቀድ ነው፣ ሌላ ሥርዓት አናውቅም አሉ። ሌላኛው ጀልባ ጎህ አይጠብቅም፣ ረፋድ ላይ ነው የሚደርሰው አሉ። በመጨረሻ ረፋድም ቢሆን ቁርስ ከበላች በኋላ ይሁን ተባለ። በዚህ በዚህ እንኳ የሚከራከር አልነበረም። ሰው መርዶ ከሰማ በኋላ እህል በጉሮሮው አይወርድለትም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ያበሉታል፣ ያዘናጉታል፣ ከዚያ ነው የሚነግሩት። የቤቱም ነገር ተመከረበት። አንዷ ሮዝቪል ያለውን አፓርታማዋን ስትሰጥ ሁሉም እምቢ አለ፤ ባለፈው እዚያ ለቅሶ ሲነሳ ጎረቤት ሰው የሚገደል መስሎት ፖሊስ ጠርቷል። የእኔ ጎረቤቶች ከላኦስ የተሰደዱ ናቸው። እነሱ የራሳቸውን ሬሳ ቀንና ሌሊት የሚያለቅሱ ሰዎች ስለሆኑ የእኛ ጩኸት አያስደነግጣቸውም።

«ልጆቹስ?» አለ አንዱ።

«ልጆቹን አንቺ ይዘሻቸው ዙሪ» አሉኝ የመጀመሪያው ሽማግሌ። «ከተማውን አሳዪያቸው፣ ማታ መልሻቸው። እናታቸው ሳትሰማ እነሱ እንዳይሰሙ። ያንቺ ዕንባ ሩቅ ነው። ምላስሽ ቅርብ ስለሆነ ግን እሱን ያዝ አድርጊ።»

ተናደድኩ። ስልክ ባለበት ዘመን ይሄ ሁሉ ድብብቆሽ ምን ይባላል ብዬ ተናገርኩ። ቡና ያለው ማነው ብለው ወሬ ቀየሩብኝ። ሟቹ ለእኔም አጎቴ መሆኑን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። እኔም አላስታወስኳቸውም።

ጀልባው ከመሀል ከተማው ድልድይ በታች ቆመ። ነጭ ነው፤ ከኋላው ቀይ መዘውር አለው። ጥቁር የለበሰ እንዳይመጣ ተብሎ ስለነበር ሴቶቹ ሁሉ አበባ አበባ ለብሰው የሠርግ አጃቢ መስለዋል። እህቴ በመሰላሉ ስትወርድ ያን ሁሉ ሰው አይታ ሳቀች። «ለእኔ ነው ይሄ ሁሉ?» አለች። አንዱ ባሏን ወደ ጎን ወስዶ ጆሮው ላይ አንሾካሾከለት። ባልየው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር ቆየ፤ ጫማው ክር አልነበረውም።

ትልቋ ልጅ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ትንሿ ስድስት። ትልቋ እየሮጠች መጥታ በእጇ የተንጠለጠለ ካልሲ አሳየችኝ። ውስጡ ድንጋይ ነው። አጎቴ ዓይኑን ሊታከም መጥቶ ሴንት ሉዊስ አንድ ዓመት ተቀምጦ ነበር፤ ከዚህች ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይተኙ ነበር። ወንዙ ዳር ይዟት እየሄደ «ይሄ ውሃ አገሩ የት ነው?» ይላት ነበር። መነሻው ሚኒሶታ ነው ስትለው ሄጄ ባየሁት ብሎ አገሩ ገባ። እሷ ታዲያ ጀልባው በቆመበት ከተማ ሁሉ እየወረደች ለእሱ ድንጋይ ለቅማለች። የቀራት የሚኒሶታው ነው። «ለአባባ» አለችኝ ካልሲውን እያወዛወዘች። አማርኛዋ የእሱ አማርኛ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ እየመለሰች፣ አማርኛ ስታወራ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» የምትል ሽማግሌ ትሆናለች።

በዚህ መሀል አንዲት ባልቴት ልጅቷን ሊስሙ ቀረቡ። ቀና ስል ነጠላቸውን አየሁና ክው አልኩ። ከቤታቸው ለለቅሶ እንደተነሱ፣ አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ነው የለበሱት።

«እማማ፣ ነጠላዎን» አልኳቸው በቀስታ።

ደንግጠው ገለበጡት። እህቴ ከሰው እቅፍ ውስጥ ነበረች፣ አላየችም። ተመስገን አልኩ።

ልጆቹን ወደ ቫኑ ይዤ ሄድኩ። ትንሿ የኋላውን ወንበር ከጫፍ ጫፍ ስትሞክር ትልቋ ዝም ብላ ቀበቶዋን አሰረች። የባልቴቷ መሳም በዝቶባት ነው ብዬ ተውኳት። ሞተሩን እንዳስነሳሁ ጠየቀችኝ።

«እናቴ ቁርስ በላች?»

«አሁን ሊያበሏት ነው። ወደ ቤት እየወሰዷት ነው።»

«ጥሩ» አለች።

መጀመሪያ የግዛቱ ምክር ቤት ጣሪያ ላይ ያሉትን የወርቅ ፈረሶች ላሳያቸው ወሰድኳቸው። ጠመዝማዛውን ደረጃ ወጣን። ትንሿ ፈረሶቹን ስታይ ልትቀመጥባቸው ፈለገች፤ አስጎብኚው ሴትዮ ስትከለክላት በአሜሪካ መንግሥት ላይ አኮረፈች። ትልቋ የእህቷን ሹራብ ከኋላ ጨምድዳ እንደያዘች ቁልቁል ወደ ወንዙ ታያለች። የእኔ ቤት ያለበትን ሰፈር በጣቴ አሳየኋት። ዛፍ እንጂ ቤት አይታይም። ብዙ አየችው።

«አሁን በልታ ጨርሳ ይሆን?» አለች።

«ማን?»

«እናቴ።»

«ሆድሽ ነው እንዴ የሚያስበው?» ብዬ ቀለድኩና ቦርሳዬ ውስጥ ያለ ብስኩት ሰጠኋት። ተቀብላ ለእህቷ ሰጠቻት።

ሰዓቴን አላየሁም፤ ግን አውቃለሁ፣ ያን ጊዜ አካባቢ ነው የነገሯት። ስንት ጊዜ በልቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ፤ መጀመሪያ የሚመጣውን ጩኸት አውቀዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ከፍታ ላይ ሆኜ የሰማሁት መሰለኝና ልጆቹን በቶሎ አስወረድኳቸው።

ከዚያ ወደ ሚኒያፖሊስ ተሻገርን፤ ሚኒሃሃ ፏፏቴ። ሰው ሁሉ ልጁን ይዞ ወጥቷል፤ ሣሩ ላይ ሥጋ ይጠበሳል። ትንሿ ጫማዋን አውልቃ ከፏፏቴው በታች ባለው ጅረት ውስጥ ገባች። ድንጋዩ ያማረ ነው፤ ውሃው አለስልሶታል። አንዱን አነሳሁና ወደ ትልቋ ዘረጋሁላት።

«በይ ይሄው የሚኒሶታ ድንጋይ። አባባ ይወደዋል» አልኩ። ድምፄን አደላድዬ ነው ያልኩት። ውሸቱ ግን አፌ ውስጥ እንደ ሬት መረረኝ።

ድንጋዩን አየችው። እኔንም አየችኝ።

«ኖ ታንክስ» አለች። «በቃኝ።»

ያን ጊዜ በልጅቷ አዘንኩ፤ በእውነት ለመናገር ተናደድኩባትም። የዚህ አገር ልጅ እንዲህ ነው አልኩ በልቤ። በስንት ከተማ ሲለቅሙ መጥተው መጨረሻው ላይ ይሰለቻቸዋል። አጎቴ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ይቺን አንዲት ድንጋይ ነበር የሚጠብቀው። ድንጋዩን ወደ ውሃው መልሼ ወረወርኩት፤ ትንሿ ተረጭታ ሳቀች።

ምሳ ሀምበርገር ገዛሁላቸው። ትንሿ ድንች ጥብሱን ጨርሳ ሌላውን ነካ ነካ አድርጋ ተወችው። ትልቋ የእህቷን ትራፊና የራሷን ዳቦ አንድም ሳትቀምስ በናፕኪን ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ለምን እንደማትበላ ስጠይቃት «ሌተር» አለች፤ በኋላ ማለቷ ነው። እኔም ቡና ብቻ ነው የጠጣሁት። ከስልኩ ወዲህ የበላሁት ነገር ጣዕም አልነበረውም፤ እንዲያውም መብላቴንም አላስታውስም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሐይቅ ዳር ወሰድኳቸው፣ ዳክዬ አየን፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው አየን። የማሳየው ነገር አለቀብኝ። ትልቋ ግን እህቷን ታጫውታለች፤ ትሸከማታለች፣ ታሯሩጣታለች፣ ትወድቅላታለች። ዓይኗ አይስቅም። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል «ወደ እናቴ እንሂድ» አለችኝ፣ በአማርኛ።

በዩኒቨርሲቲ ጎዳና መጥቼ ወደ ሰፈሬ ታጠፍኩ። መንገዱ ዳር ዳር መኪና ተደርድሯል። የቤቴ መስኮቶች ተከፍተዋል፤ የልቅሶው ድምፅ እስከ ማዕዘኑ ይሰማል። ጎረቤቴ የላኦሱ ሽማግሌ ወንበር አውጥተው በረንዳቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

«እዚህ አቁሚ» አለች ትልቋ።

«ቤቱ እኮ እዚያ ነው።»

«አውቃለሁ። እዚህ አቁሚ።»

አቆምኩ። ከፊት ወንበር ተነስታ ወደ ኋላ ተሻገረች፤ ከእህቷ አጠገብ ተቀመጠች። ናፕኪኑን ፈታች። ዳቦውን ቆርሳ «ብዪ» አለቻት። ትንሿ አልራበኝም ስትል «ፕሊስ» አለቻት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አጎረሰቻት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት ወደ ኋላ ሳልዞር።

«የኦልድ ሌዲዋ ነጠላ» አለች። «አባባ ነግሮኛል። ጥለቱ ወደ ላይ ከሆነ ሰው ሞቷል።»

«የሌላ ሰው ለቅሶ ቢሆንስ?»

«ኤቭሪባዲ እናቴን ብቻ ነው ያያት።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናቴ ሳትሰማ እኔ እንዴት አለቅሳለሁ? እሷም በደንብ አልበላችም ነበር» አለች ወደ እህቷ እያመለከተች። የምንናገረውን ትንሿ አልተከታተለችም፤ ቤቴ ውስጥ ማን እንደሚጮህ በቫኑ መስኮት ለማየት ትሞክራለች።

አንድ ቀን ሙሉ ሚስጥሩን የጠበቅኩት እኔ መስሎኝ ነበር። የዕድሩ ሽማግሌዎች የተከራከሩበትን ሥርዓት ይቺ ልጅ ብቻዋን፣ የወርቅ ፈረስ እያየች፣ ስትፈጽመው ውላለች።

«አንቺስ?» አለችኝ።

«እኔ ምን?»

«ለአንቺ ማን ነገረሽ?»

«ስልክ።»

«ቁጭ ብለሽ ነበር?»

«ቆሜ።»

«በልተሽ ነበር?»

ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ወንድሜም፣ ዕድሩም፣ እኔም ራሴን። ሽንኩርቱ ትዝ አለኝ። «አልበላሁም» አልኳት።

ከዳቦው ቆረሰች። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ተንጠራርታ፣ ሌላኛውን እጇን ከጉርሻው በታች ዘርግታ፣ ልክ አጎቴ ያደርገው እንደነበረው ወደ አፌ አመጣችው። ቀዝቃዛ የሀምበርገር ዳቦ ነው፣ ኬቻፕ ነክቶታል። ጎረስኩ። እህቷን በአንድ እጇ አቅፋ፣ ሌላውን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ ሁለታችንም አላምጠን እስክንውጥ ጠበቀች።

«አባባ አርፏል» አለችን ከዚያ።

እንደ አዲስ ሰማሁት፤ መሪው ላይ ተደፍቼ ጮኼ አለቀስኩ።