ወደ መንደሩ ፌር፣ መንገዱን እያጠናሁ

ዌስተን የሚባል ሰፈር ውስጥ ከምንኖርበት ሕንፃ ጀርባ፣ ሰመር ሲገባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበሬዎች መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን ተክለው ያመረቱትን ይሸጣሉ። ከእነሱ መካከል ነጭ ሽንኩርትና ድንች የምታመጣ አንዲት ፈረንጅ ሴት ነበረች። የእኔ እንግሊዝኛ ከሰላምታና መንገድ ከመጠየቅ አያልፍም፤ እሷ ግን ቸኩላ አታውቅም። ነጭ ሽንኩርቱን እያገላበጥኩ ስቆም ከኋላዬ ያለው ሰው ይቆጣል እንጂ እሷ አትቆጣም። አንድ ቅዳሜ ባለ ሥዕል ወረቀት ሰጠችኝ። ሁለት ፈረሶች ጎን ለጎን ተጠምደው የኮንክሪት ክምር ይጎትታሉ። ደረታቸው በር ያህላል። የእግራቸው ጠጉር ወርዶ ወርዶ ሰኮናቸውን ሸፍኖታል።

እኔ ፈረስ አውቃለሁ። በወጣትነቴ ከአጎቴ ጋር በአጋሰስና በበቅሎ እህልና ጨው እየጫንን ከገበያ ገበያ ስንዞር አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ሰኮናው ጠጉር የለበሰ ፈረስ ግን አይቼ አላውቅም። በጣቴ ሥዕሉን እየነካሁ እውነት ነው ወይ አልኳት። እውነት ነው፣ መንደራችን መጥተህ እይ አለችኝ።

ወረቀቱን ለልጄ አሳየኋት። አነበበችልኝ። የመንደር ፌር ነው፣ ገበያም ትርዒትም ነው፣ ከከተማ ወጥቶ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፣ የሚቆመው ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሥራ አለብኝ አለች። እንግዲያው በባስ እሄዳለሁ አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ ፍሪጁ ላይ አኖረችው።

“አባባ፣ ስካርቦሮ ሄደው መመለስ አቅቶዎት የለ?”

አቅቶኛል። አልክድም። በበረዶው ጊዜ ስካርቦሮ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ የተሳሳተ ባስ ላይ ወጣሁ። ሙቀቱ አስተኛኝና የነቃሁት የባሱ መጨረሻ ላይ ነው። ቤት ያደረሰኝ ፖሊስ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ በመስኮት አየኝ። ልጄ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። መንገዱም ስማቸውም የጠፋባቸውን ሽማግሌዎች ስታጥብና ስታበላ ትውላለች። ማታ ቤት ገብታ እኔን ስታይ እነሱን ታያለች። አልፈርድባትም። ግን እኔ ባስ ተሳሳትኩ እንጂ ስሜን አልረሳሁም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሕግ ወጣብኝ። ከቤተ ክርስቲያንና ከቅዳሜው ገበያ በቀር ብቻዬን የትም አልሄድም። ደግሜ ከጠፋሁ፣ እሷ ሥራ ላይ በምትሆንበት ሰዓት ሽማግሌ የሚያውሉበት ቤት ታስመዘግበኛለች። ቦታውን ወስዳ አሳይታኛለች። ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹም ትሑት ናቸው። በሩ ግን ከውስጥም ቢሆን ያለ ቁጥር አይከፈትም፤ ቁጥሩን ደግሞ ለሽማግሌዎቹ አይነግሯቸውም። ኮት የለበሰ አንድ ሰውዬ በሩ ፊት ቆሞ ነበር። ስንገባም ቆሞ ነበር፣ ስንወጣም ቆሞ ነበር።

ፈረሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር። ያን በር ስላየሁ ነው የቆረጥኩት።

አጎቴ በማያውቀው መንገድ ጭነት አውጥቶ አያውቅም። መጀመሪያ ባዶውን፣ ከብቱን ትቶ፣ አንድ ማደሪያ ያህል በእግሩ ሄዶ ይመለሳል። ውሃው የት እንዳለ፣ ገደሉ የት እንደሚጠብ፣ የማን ቤት ክፉ ውሻ እንዳለው አይቶ ይመጣል። በሚቀጥለው ሁለት ማደሪያ ይሄዳል። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር እጁ ሲገባ ብቻ ይጭናል። መንገድ ሳያይ የጫነ ሰው ኋላ በቅሎዋን ይከሳታል ይል ነበር። እኔም እንደሱ አደርጋለሁ አልኩ።

ልጄ ሥራ ስትወጣ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንሥቼ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ባቡሩ እኮ በመስኮታችን ሥር ነው የሚያልፈው። ነገር ግን ጠዋት ወደ ከተማ ይሄዳል፣ ማታ ከከተማ ይመለሳል፤ ጠዋት ወደ ገጠር መሄድ የሚፈልግ ሽማግሌ አልታሰበበትም። እዚያ የተቀመጠው ሠራተኛ ወረቀቱን አይቶ መንገዱን በሥዕል አደረገልኝ። ባስ፣ ሰብዌይ የሚሉት ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር፣ ሌላ ሰብዌይ፣ የሩቅ አገር ባስ፣ ከዚያ እግር። አምስት ማደሪያ ብዬ ቆጠርኩት። ወረቀቱን እንደታጠፈ ቦታው መለስኩት።

አንድ ችግር ነበር። ልጄ በየቀኑ በምሳ ዕረፍቷ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የቤቱን ስልክ ትደውላለች። እኔ ሞባይል የለኝም። ስለዚህ የትም ብሄድ በስድስት ሰዓት ስልኩ አጠገብ መገኘት አለብኝ። ጥናቴን ሁሉ በዚያ ገመድ ልክ አሰርኩት።

በመጀመሪያው ሳምንት በባስ ሰብዌዩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ምልክቴ በራፉ ላይ ትልቅ ጥርስ የተሳለበት ሐኪም ቤት ነው፤ እሱን ሲያልፍ እነሣለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሰብዌዩን ያዝኩ። ባቡር የምቀይርበት ጣቢያ ደረጃው ሁለት ነው፤ ሰው የሚበዛበትን ትቼ የሚያንስበትን መውረድ እንዳለብኝ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ተማርኩ። በሦስተኛው ሳምንት በሌላኛው ሰብዌይ ወደ ሰሜን ወጥቼ፣ የሩቅ አገር ባሶች የሚነሡበት ድረስ ደረስኩ። የእኔን ባስ ቆሞ አየሁት። ዞርኩትና ተመለስኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጠራ አነሣለሁ። ምን እያደረጉ ነው ትለኛለች። ተቀምጬ ነው እላታለሁ። ውሸት አልነበረም፤ ሮጬ ስለምገባ ሁልጊዜ ተቀምጬ ነው የማነሣው።

ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ኢስት ዮርክ የሚኖር፣ ዘወትር ቅዳሴ አብረን የምንቆም ወዳጄ ነው። ፍልሰታ ገብቶ ነበርና ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ጥላ ይዘን ተቀመጥን። አብረን እንሂድ አልኩት።

“አንተ ሰውዬ፣ በፍልሰታ ፈረስ ልታይ?”

“ልበላው መሰለህ እንዴ?”

“ትጠፋለህ። ልጅህ ደግሞ መጥታ እኔን ነው አንቃ የምትይዘኝ።”

“ብጠፋ ተዝካሬን ትበላለህ። ምን ቸገረህ።”

በትሩ ላይ ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። ጉልበቱ እንደማይችል ነገረኝ። ቀጥሎ እንደ ዋዛ አድርጎ፣ የዳንፎርዝን ጎዳና ብቻውን ከተሻገረ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ነገረኝ። ከቤቱ እስከዚያ መንገድ የአሥር ደቂቃ እርምጃ ነው። ልጆቹ የሚፈልገውን ሁሉ ያመጡለታል፣ ምን ጎደለው። እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥፋት የራሴ ነው። ሁለት ማደሪያ ቀርቶኝ ነበርና በሚቀጥለው ቅዳሜ ለነጭ ሽንኩርቷ ሴት፣ እየመጣሁ ነው፣ በሁለት ሳምንትም ቢሆን በሦስት እደርሳለሁ አልኳት። ግራ ተጋባች። አንድ ጣቷን አወጣች፣ የሚመጣው ቅዳሜ ብቻ ነው አለችኝ፤ ከዚያ እስከ ከርሞ የለም። እኔ እኮ እንደ አገሬ ገበያ አድርጌው ነው። የቅዳሜ ገበያ በየቅዳሜው ይቆማል፤ ዛሬ ያልደረሰ በሳምንቱ ይደርሳል። ዓመት ሙሉ ጠብቆ ለአንድ ቀን የሚቆም ገበያ ይኖራል ብዬ እንዴት ልገምት? ቀስ እያልኩ፣ በሳምንት አንድ ማደሪያ እየተራመድኩ፣ ቀኑ ደጄ ደርሶ ነበር።

የቀረኝ አንድ ሳምንት ነው። የሩቁ ባስ ደግሞ መሄጃው ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ እሱን ሄጄ በስድስት ሰዓት ቤት መገኘት አይቻልም። ለወዳጄ ደወልኩለት። ስልኩን አንሥተህ ጠረጴዛው ላይ ተወው፣ ስትደውል ተይዟል ይላታል አለኝ። ብልጠቱን ወደድኩለት። አንድ ሌሊት አሰብኩበትና ተውኩት። ያንን ካደረግኩ እንደ ሌባ መውጣቴ ነው። እስከዚያ ቀን የተደበቅሁት በቃኝ። ስልኩ ይጥራ። አለመኖሬን ትወቀው።

ሐሙስ ወጣሁ። ጥርሱን አለፍኩ፣ ሰው የሚያንስበትን ደረጃ ወረድኩ፣ ወደ ሰሜን ወጣሁ፣ የሩቁ ባስ ላይ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ሕንፃው እያነሰ፣ በቆሎው እየበዛ ሄደ። ከሹፌሩ በላይ ያለው ሰዓት ስድስት ሞላ። ቤት ውስጥ ስልኩ እየጠራ ነው። ዘግታ እንደገና ትደውላለች። ባሱ ቢቆም እወርድና እመለስ ነበር ብል ውሸት አይሆንም። ባሱ ግን በቆሎ መካከል አይቆምም።

መንደሩ አንድ መንገድ ነው። መጨረሻው ላይ የውሃ ጋን በረጅም እግር ቆሞአል፤ ከእሱ በስተግራ ሜዳው ነው። ሰዎች አጥር ይተክላሉ፣ አንድ ሰው ፈረሶቹ የሚጎትቱበትን መስመር ድንጋይ እየለቀመ ያጸዳል። ፈረስ የለም፤ የሚመጡት ዓርብ ማታ ነው አለኝ። አላዘንኩም። እኔ የመጣሁት ለመንገዱ ነው። ከባሱ እስከ ሜዳው አራት መቶ ሠላሳ እርምጃ ቆጠርኩ። የምቀመጥበት ጥላ አገኘሁ። የመጨረሻው መመለሻ ባስ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ እንደሆነ ባስ ማቆሚያው ላይ ያገኘሁት ሰው እጄ ላይ ጻፈልኝ።

ቤት ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ልጄ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ስልኩ ፊቷ ነው። ዐይኗ ቀልቷል። አራት ጊዜ ደውላ፣ ቤቱን በጎረቤት አስከፍታ፣ ሥራዋን ጥላ መምጣቷን ነገረችኝ፤ ፖሊስ ልትጠራ ነበር።

“የት ነበሩ?”

“ፌሩ ያለበት መንደር።”

አላመነችኝም። ያ ከሁሉ ባሰብኝ። ተቀመጥኩና መንገዱን ከጥርሱ ጀምሬ እስከ ሜዳው አንድ በአንድ ነገርኳት። ሦስት ሳምንት ስደበቃት እንደነበርም ነገርኳት። ስለ ሁለቱ ደረጃዎች ስነግራት ቀና አለች፤ እሷም እዚያ ጣቢያ ላይ ትሳሳታለች።

“ቅዳሜ ሺፍቴን ለሰው ልስጥና በመኪና ልውሰድዎት።”

“አይሆንም።”

“ለምን? ፈረሶቹን እኮ ያያሉ።”

“አንቺ ከወሰድሽኝ ነገ ደግሞ እዚያ በር ታስገቢኛለሽ። እኔ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ልትከተይኝ ከፈለግሽ ባሱ ቦታ አለው።”

ውጭ ባቡር አለፈ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እጄን ስባ የተጻፈውን አየችው።

“ይቺ ባስ ብታመልጥዎትስ?”

“አታመልጠኝም። ካመለጠችኝ እዚያው አድራለሁ። ያደርኩበትን ሜዳ ቆጥሬ አልጨርሰውም።”

“ስድስት ሰዓት ላይ ከሆነ ቦታ ሆነው ይደውሉልኛል?”

“አልደውልም። ማታ ስገባ ታዪኛለሽ።”

እሺም አላለችኝ፣ እምቢም አላለችኝ። እኔም አልጠየቅኋትም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኮፍያዬን አድርጌ ወጣሁ።