የውል ልጅ

የእርሻ መሬት መሸጥ በሕግ ክልክል ነው፤ ለልጅ በስጦታ መስጠት ግን ይፈቀዳል። ሶዶ ላይ ደላላ ሆኜ እንጀራዬን የበላሁት በዚህች ቀዳዳ ነው። ከዳሞታ ተራራ ሥር ቦታ የገዛችውን መምህርት የሻጩ ገበሬ ልጅ አድርጌ የስጦታ ውል ጻፍኩላት፤ ሽማግሌዎችም ፈረሙ። ይቺ ሞኝ እውነት መስሏት ለጊፋታ በዓል ለገበሬው ሥጋ ይዛላቸው ትሄድ ነበር፣ «አባዬ» እያለች።

ቤቷን ሠርታ ከገባች በኋላ አፍራሽ ግብረ ኃይል መጣ። ውሉን አሳየች። ኃላፊው ገበሬውን አስጠርቶ «ልጅዎ ናት?» አላቸው። እስር ፈርተው «አላውቃትም» አሉ። እሷም ከተመልካቹ መሃል አየችኝና «አንተ ንገራቸው እንጂ!» ብላ ጮኸች። እኔም አላውቃትም አልኩ። ከምሳ በፊት ቤቱ ፈርሶ አለቀ።

በወሩ ለገበሬው ሌላ ልጅ አገኘሁላቸው።