በሽታው የማራት አሳማ

ክልሉ ገና በተቋቋመበት ሰሞን ጋምቤላ ውስጥ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ኢታንግ አጠገብ ያለች አንዲት መንደር ውስጥ በሽታ ገብቶ አሳማዎቹን ፈጃቸው። አሪየት የምትባል የአኝዋ ብሔረሰብ ሴት የነበረቻት አሳማ ብቻ ታማ ዳነች። ለበሽታው ክትባት ለማግኘት የሚደክሙ አንድ ዶክተር ይህን ሲሰሙ፣ "ከዚህ በሽታ የዳነ አሳማ ደም ብዙ ያስተምረናል" ብለው ከአዲስ አበባ ድረስ መጡ።

ስንደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡን።

"አሳማዋን እንያት" አልኳቸው።

"ትደርሳለች፤ አረፍ በሉ" አሉኝ።

ዶክተሩ በረዶ የያዘውን ሣጥን አቅፈው ጠበቁ። በዚያ ሙቀት በረዶው ሲቀልጥ የኔም ትዕግሥት አለቀ።

"ሰውዬ፣ እኛ ለጨዋታ አልመጣንም። ደሟን ወስደን እንሂድ" ብዬ ተቆጣሁ።

ሊቀመንበሩ ግራ ተጋብተው ወደ አንዲት ጎጆ ዞሩ። ያን ጊዜ አሪየት ከጎጆዋ ወጣች። ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል። የተቀቀለ ሥጋ የሞላበት ትሪ ፊታችን አስቀመጠች።

"እኔ እንቢ ብዬ ነበር" አለችኝ በንዴት፣ ሊቀመንበሩን እያሳየች። "እሱ ነው፣ 'ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ ለአሳማሽ ብሎ እየመጣ ነው' ብሎ ያሳረዳት። በል፣ ብላ።"