አረቄ ያስተማረኝ ሰላምታ

ሮቤ ውስጥ ሰላምታ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የሌለው ደመወዝ ብቻ ነው። ከተከራየሁባት ክፍል እስከ መሥሪያ ቤቴ አሥር ደቂቃ ያስኬዳል፤ ያገኘውን ሁሉ ሰላም እያለ ለሚሄድ ሰው ግን ግማሽ ሰዓትም አይበቃው። እንዴት አደርክ? አካም ቡልቴ? ሰላም ነው? ነጋያ? ቤተሰብስ? ብርዱስ? ጥያቄው በሁለት ቋንቋ ይጎርፋል፤ እሱ አልበቃ ብሎ እጅ መጨባበጥና ትከሻ ማጋጨት አለ። እኔ ሰው ሲነካኝ ቆዳዬ ጥሎኝ ሊሄድ ይደርሳል። ጥያቄ ከተጠየቅሁ ደግሞ መልስ እሰጣለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ «እንዴት ነህ?» ስትለኝ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ሆዴን እንደነፋኝ፣ የክፍሌ ጣሪያ በአልጋዬ ራስጌ በኩል እንደሚያፈስ፣ በተረፈ ግን ደህና እንደሆንኩ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ስታየኝ በሌላኛው በር ትገባ ጀመር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከጎባ መጥቼ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ሥራው ፋይል መፈለግና ቦታው መመለስ ነው። ፋይል እጅ አይጨብጥም፤ ስለዚህ ተስማምተን እንኖር ነበር። ያስቸገሩኝ ሰዎቹ ናቸው።

ችግሬ ስም እንዳለው ያወቅሁት ከዚያ በፊት ነው። እናቴ በልጅነቴ ሦስት ጊዜ ጸበል ወስዳኛለች። በሦስተኛው ላይ አጥማቂው ቄስ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ ጭነው «ስምህን ተናገር!» ሲሉኝ፣ የክርስትና ስሜን ነው ወይስ የትምህርት ቤቱን ብዬ ጠየቅኋቸው። ጋኔኑ መልስ መስጠት ሲገባው እኔ በመመለሴ ይመስለኛል፣ ሌላ ውሃ ደፉብኝ። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ደግሞ ከአዲስ አበባ ለጥቂት ቀን የመጣች ሐኪም አየችኝና ኦቲዝም እንደሚባል፣ አብሮኝ የተፈጠረ እንጂ የያዘኝ በሽታ እንዳልሆነ ነገረችን። እናቴ መድኃኒት እንዳለው ጠየቀች። የለውም ተባለች። ስንመለስ መንገድ ላይ «ታዲያ ለምን ነገሩን?» አለችኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ጋኔን ከመሆን ይሻላል።

ስሙን ማወቅ ግን ቅዳሜና እሑድን አያሳጥርም። ዓርብ ማታ ክፍሌን ዘግቼ ሰኞ ጠዋት ስከፍት፣ በመካከል ያወራሁት ለባለሱቅ «አንድ ዳቦ» ብዬ ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር። ሰው ብቻዬን መሆን የምወድ ይመስለዋል። ብቻዬን መሆን እወዳለሁ፤ ብቸኝነትን ግን አልወድም። ሁለቱ ምንና ምን እንደሆኑ ለማስረዳት ደግሞ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። እሑድ እሑድ ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ሮቤ በሚኒባስ እመላለስ ነበር። ጎባ ወርጄ እናቴን ለማየት አልነበረም፤ ጋቢና መስኮቱ ጥግ ተቀምጬ ሰው ከኋላዬ ሲያወራ ለመስማት ነው። ከሚኒባስ ውስጥ ማንም ለምን ዝም አልክ አይልም። በኋላ ረዳቶቹ ሰላይ ነው ብለው ስለጠረጠሩኝ እሱንም ተውኩት።

አረቄ የቀመስኩት በመሥሪያ ቤታችን አንድ ሠራተኛ ሠርግ ላይ ነው። ስፒከሩ ከድንኳኑ የበለጠ ነበር። ጆሮዬን ይዤ ወጥቼ ከድንኳኑ ጀርባ ስቀመጥ፣ የሙሽራው አጎት ናቸው መሰለኝ አንድ ሽማግሌ አዩኝና ዝም ብለው መለኪያ አስጨበጡኝ። የመጀመሪያው ጉሮሮዬን ላጠው። ከሦስተኛው በኋላ አንድ ሰው የዓለምን ድምፅ ቀነሰልኝ። ወደ ድንኳኑ ተመልሼ ገባሁ፤ ሰው ሳቅፍ፣ ሰው ሲያቅፈኝ፣ ስለ ላሞቻቸው ሳይቀር ስጠይቅ አመሸሁ። ያቺ የሒሳብ ክፍል ሴትዮ ሳትቀር ሰኞ ዕለት «አንተ ለካ ሰው ነህ!» አለችኝ። ቀልዳ ነው። እኔ ግን እንደ መመሪያ ወሰድኩት።

ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አረቄ ቤት ነበራት። እትዬ እላታለሁ። ከሥራ ስወጣ በየቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እዚያ ነኝ፤ ግድግዳው ጥግ፣ አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ላይ። ሌላ ሰው ተቀምጦበት ካገኘሁ እስኪነሣ ቆሜ እጠብቃለሁ። ጓደኞች የምላቸው ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሌላው ቀያሽ። የጎባና የሮቤን ሚኒባሶች ታርጋ በሙሉ በቃሌ እንደማውቅ ሲደርሱበት፣ ከእንግዳ ጋር እየተወራረዱብኝ በነፃ ይጠጡ ጀመር። እኔም ተፈላጊ ሆንኩ።

ታዲያ ቀያሹ በየቀኑ ልክ ስገባ «ዛሬ ያንተ ነው» ይለኛል። የኔ ነው ከተባልኩ የኔ ነው ብዬ እከፍላለሁ። ተራ የሚባል ነገር እንዳለና የሱ ተራ ለስምንት ወር እንዳልደረሰ የገባኝ ቆይቶ ነው። ደመወዜ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም ነበር። እትዬ ዘንድ ዱቤ ሆነ፤ ከሥራ ባልደረቦቼ ብድር ሆነ፤ በመጨረሻ የቤት ኪራዩ ላይ ደረስኩ።

አከራዬ ሃጂ ይባላሉ። የሕንፃ ዕቃ መደብር ያላቸው፣ ሚስታቸው የሞቱ፣ ልጆቻቸው አዳማ የገቡ፣ ጠይም ረጅም ሽማግሌ። ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ አንገታቸውን እንኳ አይነቀንቁም። የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ሳልከፍል ስቀር በሬን አንኳኩ።

«ኢልማ ኮ፣ ኪራዩስ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ጠጣሁት» አልኳቸው።

ትንሽ አይተውኝ ሄዱ። በሁለተኛው ወርም ጠየቁ፤ ጠጣሁት አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? በአራተኛው ወር መጠየቁን ትተው የእናቴን ስልክ ፈልገው ደወሉላት።

እናቴ በእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን እንዳደገደገች የዕድራችንን ዳኛ ይዛ ከጎባ መጣች። በሃጂ በኩል ደግሞ አንድ ጎረቤታቸው ተቀመጡ። ግቢው ውስጥ ወንበር ተደረደረና ሽምግልና ተጀመረ። እኔ መሐል ቆምኩ። የዕድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጄ፣ ጠጪ ቤት አይሠራም» አሉ። ቤቱ የሃጂ መሆኑን፣ እኔ ተከራይ ብቻ መሆኔን አስረዳኋቸው። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ዳኛው ቀጥለው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ። ወደ ቀበቶዬ አየሁ። ጎረቤትየው ደግሞ ለዚህ ልጅ መናገር ውሃ መውቀጥ ነው አሉና ተስፋ ቆረጡ። በመጨረሻ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ እንድጠይቅ ተወሰነ። ለየትኛው እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ለኪራዩ ነው፣ ለመጠጣቱ ነው፣ ወይስ እናቴን እሑድ ቀን ለማንከራተቴ? እናቴ ማልቀስ ጀመረች። ያኔ ነው እስከዚያ ትንፍሽ ያላሉት ሃጂ የተናገሩት።

«ለምንድን ነው የምትጠጣው?»

«ስጠጣ ሰው ሰላም ማለት እችላለሁ።»

«ለሰላምታ ብለህ ነው የአራት ወር ኪራይ የጠጣኸው?»

«አዎ።»

«እኔን አንድ ቀን ሰላም ብለኸኝ አታውቅም።»

«እርስዎም ብለውኝ አያውቁም» አልኩ። «እርስዎ ግቢ መኖር የምወደው ለዚያ ነው።»

ዳኛው መሬት መሬት አዩ። እናቴ ለቅሶዋን አቋርጣ በድንጋጤ አፏን ያዘች። ሃጂ ግን ከት ብለው ሳቁ። ሲስቁ አይቼ ስለማላውቅ የታመሙ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ፍርዱን ራሳቸው ሰጡ፦ ቅዳሜና እሑድ መደብራቸው እየመጣሁ ብሎንና ምስማር እለያለሁ፤ የሠራሁበት ከዕዳው ይቀነሳል፤ ጠጥቼ ከመጣሁ ግን ዕቃዬን ጭኜ ወደ ጎባ። ዳኛው ይህ ሽምግልና የእርሳቸው እንደሆነ ለማስመሰል መረቁን።

እናቴ ያን ሳምንት ክፍሌ ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ ከረመች። መጠጡ ሲቀርብኝ ላብ ያጠምቀኝና ይበርደኝ ነበር። አረቄው የቀነሰልኝ ድምፅ ሁሉ ከነወለዱ ተመለሰ። ባጃጅ ሲያልፍ ጥርሴ ውስጥ የሚነዳ ይመስለኛል። እናቴ ደግሞ ዝም ካለች የምሞትባት ይመስል ቀኑን ሙሉ ታወራለች፤ የጎረቤት ፍቺ፣ የድንች ዋጋ፣ የአጎቴ ሪህ። በአራተኛው ቀን እባክሽ ዝም በይ ብዬ ለመንኳት። ቅር ሳትሰኝ ሹራብ መሥራት ጀመረች። የመርፌዎቹም ድምፅ ይሰማኛል፤ እሱን ግን አልነገርኳትም። በሕይወቴ የመጀመሪያው ጨዋነቴ ነው።

ሃጂ መደብር የጠበቀኝ ነገር ለሌላ ሰው ቅጣት ነው። ሃያ ዓመት የተጠራቀመ ብሎን፣ ዳዶ፣ ማጠፊያ፣ ምስማር በጄሪካንና በጆንያ እንዳለ ተደባልቋል። እኔ ግን ጆንያው ሲዘረገፍ እጅጌዬን ሰብስቤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በርዝመት፣ በውፍረት፣ በጥርስ እየለየሁ በየቆርቆሮው ከተትኩ፣ በየቆርቆሮው ላይም ጻፍኩ። ሃጂ ባንኮኒው ጋ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ከሲናና ወረዳ የሚመጣ ገበሬ ሲገባ የሚፈልገውን ሰምተው ወደኔ ያያሉ፤ እኔ አነሣና አቀብላለሁ። ሰዓት ሲደርስ ይሰግዳሉ፤ እኔ ዳቦዬን እበላለሁ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አሥር ቃል አይሞላም ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ከሰው ጋር የዋለ ሰው ድካም ይሰማኛል፤ የሚጥም ድካም።

የመጀመሪያው የተራረፈ ገንዘብ እጄ ሲገባ እትዬ ዘንድ ዱቤዬን ልከፍል ሄድኩ። መምህሩና ቀያሹ ተቀምጠዋል። ዕዳዬን ከፈልኩና፣ ሳልጠጣ ማጣራት የነበረብኝ ነገር ስለነበር፣ ጓደኞቼ መሆናቸውን ጠየቅኋቸው። ቀያሹ ሳቀና ዛሬ ያንተ ነው አለ። መምህሩ ግን «የአረቄ ጓደኛህ ነኝ» አሉ፤ «ሌላ ዓይነት ለመሆን ደክሞኛል።» እውነት ስለሆነ አላስከፋኝም። እትዬን ጠየቅኋት። «እኔ ነጋዴ ነኝ» አለችኝ፤ ከዚያ መለኪያውን እየወለወለች፣ ስቀር ታሞ ይሆን እያለች ታስብ እንደነበር፣ ሁለተኛ እንዳልመጣ፣ መንገድ ላይ ካገኘኋት ግን ሳላያት እንዳላልፍ ነገረችኝ። አንድ ጊዜ ቆማ ልታቅፈኝ ነበርና አስታውሳ ተወችው።

ከዚያ ወዲያ አልጠጣሁም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ለፋሲካ ጎባ ወርጄ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሲንጫጫ አንድ ጠርሙስ ይዤ ከቤቱ ኋላ ገባሁ፤ ሦስት ቀን የት እንደነበርኩ ግማሹን አላውቅም። በቀጣዩ ቅዳሜ ሃጂ ፊት ቆሜ እንደጠጣሁ፣ አሁን ግን ጠጥቼ እንዳልመጣሁ ተናገርኩ። ስምምነቱ ጠጥተህ ብትመጣ ነው ብለው በእጃቸው ወደ ቆርቆሮዎቹ አሳዩኝ። ሕግ አዋቂ ሰው ናቸው።

የኪራዩ ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ነው። አስልቼ ለሃጂ አሳየኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። የብሎኑም ሥራ ሊያልቅ የአንድ ቀን ጉዳይ ነበር። በማግስቱ እሑድ ጨርሼ ልሰናበት ስገባ፣ ባለፈው ሳምንት የለየሁት የባለ ስምንትና የባለ አሥር ብሎን አንድ ላይ ተደባልቆ አገኘሁት። ከሥሩ ያሉትን አየሁ፤ እነሱም ተደባልቀዋል። ደሜ ፈላ። ሰው ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሃጂ፣ ሌባ ገብቶ ነበር» አልኩ።

«አልገባም።»

«ታዲያ ማነው የደባለቀው?»

መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እኔ ነኝ። ሥራው ካለቀ አትመጣም ብዬ።»

ስንት ቆርቆሮ እንደደባለቁ ጠየቅሁ። አሥራ አንድ አሉ፤ ከምሽቱ ሰላት በኋላ ተቀምጠው አንድ በአንድ እንደደባለቁት፣ ወገባቸውን እንዳመማቸው ነገሩኝ።

«ሥራ ባይኖርም እመጣ ነበር» አልኳቸው።

«ታዲያ ለምን አላልክም?»

«አልጠየቁኝም።»

«አንተም አልጠየቅከኝም» አሉ።

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ያ ድምፅ ሌላ ጊዜ ያሳብደኛል። አሥራ አንዱን ቆርቆሮ ወለሉ ላይ ደፋሁና መልቀም ጀመርኩ፤ እየተናደድኩ፣ ጮክ ብዬም እያማረርኩ። ሃጂ ሲያዩኝ ቆይተው፣ ወገባቸውን ይዘው ከጎኔ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ባለ ስምንቱን ለእኔ፣ ባለ አሥሩን ለራሳቸው መለየት ያዙ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ከአምስቱ ሁለቱን ይሳሳታሉ። አላረምኳቸውም። ወደ ቤት ሲገቡ ተመልሼ አስተካከልኩት።